የሊፍቱ ሽሪምፖች

ይህን የነገረችኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቤት ልብስ የምታጥብላቸው ሴት ናት። የቀረውን እኔው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ደረጃችን አንድ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ያላት አንድ ወንድ ልጅ ነው። ሊፍት ጠጋኝ ስለሆነ ሰፈሩ «ሊፍቱ» ይለዋል። ሚስቱ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ሦስቱም በሁለት ክፍል ተጣበው ይኖራሉ።

ሊፍቱ አንድ ቀን የመስታወት ገንዳ ታቅፎ መጣ። ከጫማ ካርቶን ብዙም አይበልጥም። ከሥሩ ጥቁር አሸዋ አነጠፈበት፤ የውሃ ሣር ተከለበት፤ ስፖንጅ የለበሰች አየር መንፊያ ሰካበት። የቧንቧውን ውሃ በባልዲ አሳድሮ የበረኪናው ሽታ ሲወጣለት ሞላው። ከዚያ ምንም ሳይጨምርበት አንድ ወር ሙሉ ተቀምጦ ያየው ጀመር።

«ውሃ ማየት ከሆነ ያማረህ ባልዲው ምን አነሰው?» አለችው እናቱ።

«ውሃው እስኪበስል ነው፣ እማዬ።»

«ሳይጣድ?»

በወሩ ሽሪምፕ የሚባሉትን ባለ ብዙ እግር ፍጥረቶች አመጣ። ዘጠኝ ናቸው፤ ቀያይ፣ ከጥፍር የማይበልጡ። የገንዳውን ውሃ በቀጭን ቱቦ እንደ ግሉኮስ ጠብ ጠብ እያደረገላቸው ሲያለማምዳቸው ዋለ። «ሙሽራ እንኳ እንዲህ ተለማምዳ ቤት አትገባም» ብለን ሳቅን።

ሊፍቱ ሽሪምፖቹን ባመጣ በሦስት ሳምንቱ በሚጠግነው ሊፍት ጉድጓድ ከአራተኛ ፎቅ ወደቀ። ነፍሱ አልወጣችም፤ ግን አልነቃም። ሐኪሙ «ከመጠበቅ ሌላ የለም» አለ።

እናትየው ከሆስፒታል በተመለሰች ቁጥር ልብሷን ሳትቀይር ገንዳው ፊት ትቀመጣለች። «እናንተ ካላችሁ እሱ አለ» ትላቸዋለች። ልብስ አጣቢዋ ቆማ ሰምታታለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት አሸዋው ላይ አንዱን በጎኑ ተጋድሞ አገኘችው። በማንኪያ አወጣችው። ክብደት የሚባል የለውም፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብርሃን ያሳልፋል። «ምን ያህል ቢሰቃይ ነው እንዲህ የመነመነው!» ብላ አለቀሰች። የሸሚዝ ቁልፍ የምታስቀምጥበትን ጣሳ ገልብጣ፣ ጥጥ አንጥፋ አስተኛችው። በሳምንቱ ሁለት ተጨመሩ፤ በሌላው ሳምንት ሦስት።

በሕይወት ያሉትን መቁጠር አይቻልም። ሣሩ ጥቅጥቅ ብሏል፤ አንዴ ሁለት፣ አንዴ አራት ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ሬሳው ግን ይቆጠራል።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ምራቷን ያዘቻት፤ ከትንሽ ብልቃጥ ነጭ ዱቄት ቆንጥራ ውሃው ላይ ስትበትን።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ልጅዎ የሰጠኝ ነው፣ እማማ። እሁድ እሁድ ቆንጥረሽ ጨምሪላቸው ብሎኛል። ለጥንካሬያቸው ነው።»

«እሁድ ትጨምሪያለሽ፣ ሰኞ ይሞታሉ! ይሄ ነው ጥንካሬው?»

«እኔ ምን አውቄ? ያለኝን ነው የማደርገው።»

«መድኃኒት ቤት የምትውይውም አንቺ፣ የማታውቂውም አንቺ!»

ወሬው ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ እኛም ፈረድን። ባሏ እንዲያ ተኝቶ ጥፍሯን ቀብታ ሥራ ትሄዳለች። ስልክ ሲደወልላት በረንዳ ላይ ወጥታ ነው የምታወራው። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናትየው ጣሳውን ከፍታ ፊቷ ላይ ደቀነችባት። አሥራ አራት ነበሩ፤ ጥጡ ላይ በረድፍ የተኙ።

«የእጅሽን ሥራ እይ! ልጄን ልትጨርሽብኝ ነው። ውጪልኝ!»

«እማማ፣ ሲነቃ ራሱ ይነግርዎታል። እስከዚያ ብቻ ልቆይ፤ ወጥ ቤት እተኛለሁ።»

«አንቺ እያለሽማ አይነቃም!»

ሻንጣዋን እየጎተተች ወረደች። ደረጃው ላይ ስታልፈኝ ፊቴን አዞርኩባት። እናትየው ለሆስፒታሉ ዘበኛ እንኳ ሳይቀር የምራቷን ፎቶ አሳይታ እንዳትገባ አስደረገች። ብልቃጡን መጸዳጃ ቤት ደፋችው። ገንዳው ውስጥ የማንም እጅ እንዳይገባ ከለከለች።

ሬሳ መውጣቱ ቆመ። ሰኞ የለም። በሌላውም ሰኞ የለም። በሦስተኛው ሳምንት ሊፍቱ ዓይኑን ገለጠ።

«አላልኳችሁም?» እያለች በየበሩ ዞረች። እኛም ተመስገን አልን። ሽሪምፖቹን ያየ ሰው እንኳ አልነበረም፤ ስንጠይቃት «ያቺ ያስደነገጠቻቸው ድንጋጤ ገና አልለቀቃቸውም፤ ሣሩ ውስጥ ናቸው» ትለናለች። ሊፍቱ ስለ ሚስቱ እናቱን ሲጠይቅ ደግሞ «ቤት ስትገባ እነግርሃለሁ» አለችው።

በሁለት ክራንች ተደግፎ ቤቱ ገባ። ገንዳውን በስልኩ መብራት ከዳር እስከ ዳር አየ፤ ሣሩን በጣቱ እየገለጠ ፈለገ፤ አንድም አላገኘም። እናቱ የቁልፉን ጣሳ አምጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለትና የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

አሁን ሊፍቱ በአንድ ክራንች ይሄዳል። ሚስቱ ሌላ ከተማ ሥራ ይዛለች፤ ቢደውልላትም አታነሳም። እናቱ መስፋት ትታለች። ገንዳው ደረጃው ሥር ተደፍቶ ተቀምጧል፤ ስወጣ ስገባ አየዋለሁ።

ያን ቤቱ የገባ ዕለት ሊፍቱ ከጣሳው ውስጥ አንዷን በሁለት ጣቱ አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋት። ልብስ አጣቢዋ በሩ ላይ ነበረች።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ሬሳ አይደለም፤ ሲያድጉ አውልቀው የሚጥሉት ልብሳቸው ነው። መጣል ያቆሙት መቼ ነው?»