መሃለኛው መስመር

ሥራዬ ከብት አርቢዎች የሚልኩትን የዝንብ ፎቶ አይቶ መለየት ነው። ሁለቱ ዝንቦች መንታ ይመስላሉ። አንዷ ቁስል ላይ ዕንቁላል ትጥላለች፤ ትሏ ከብቱን በቁሙ ይበላዋል። ሌላዋ የሞተ ካልሆነ ዞር ብላም አታይም። የሚለያቸው የጀርባቸው መሃለኛ መስመር ነው፤ የሞተ የምትወደዋ መስመሯ ረጅም ነው።

ዛሬ ሩቅ አገር ያለችው ታላቅ እህቴ የገዛ ክንዷን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ክንዷ ላይ አንዲት ዝንብ ዕንቁላሏን ትደረድራለች። መስመሩን ደጋግሜ ለካሁ፤ ረጅም ነው። እፎይ ብዬ ደወልኩ።

“አይዞሽ እትዬ፣ ይቺ ደህናዋ ናት። በሕይወት ያለ ገላ ላይ…”

ፎቶውን መልሼ አየሁት፤ የሞተ የምትወደዋ ናት።

“እኔም ብያለሁ” አለች እየሳቀች። “ቅንጣት ታህል አላመመኝም። እሽ ስላት ግን ጭራሽ ዘመዶቿን ጠርታ መጣች።”