የሐሙስ መኪና

የሆዶ መኪና መጀመሪያ የቆመችው ሐሙስ ቀን ነበር። በሁለተኛው ሐሙስ ደግማ ቆመች። በሦስተኛው ሐሙስ ስልኩ ሲጮኽ የጋራዡ ባለቤት ዓብዲሰላም ራሱ አነሣው።

«መሐመድ ሞጌ ሰፈር ያለችው ያቺው ነጯ መኪና ናት» አለው እንየውን። «ዛሬ ካላስነሣሃት መሣሪያዬን አስረክበህ ሌላ ሥራ ፈልግ። የዓብዲሰላም ኤሌክትሪሻን አይችልም እያሉኝ ነው።»

እንየው ከጎጃም ተነሥቶ ሀርጌሳ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። ጠንቃቃ ልጅ ነው። ብሎን አጥብቆ ሲጨርስ ተመልሶ ይነካዋል፤ መንገድ ከጀመረ በኋላ ደግሞ መንካቱን ይጠራጠራል። ስለዚህ የሚሠራውን ሁሉ ጮክ ብሎ በአማርኛ መናገር ለምዷል። ጆሮው ከሰማው፣ እጁ እንደሠራው ያምናል።

በመጀመሪያው ሐሙስ የባትሪው ጫፍ ዝጎ አገኘው። ጠረገውና ኮፈኑ ሥር ያለችውን የፊውዝ ሳጥን በጣቱ መታ መታ አደረጋት። «እንኳን ሞተር የምታስነሣው የሞተሪኖዋ ፊውዝ አልሆነች» አለ። «ይቺን ይዤ አልመጣሁም።» ያመጡለትን ሻይ ቀመሰና፣ «ይሄ ሻይ ነው ወይስ ማር?» ብሎ አጉረመረመ።

በሁለተኛው ሐሙስ የሞተሪኖዋ ፊውዝ ቦታዋ ላይ አልነበረችም። አዲስ ተካ። «እንኳን ከክሩስኮቱ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ በግራ በኩል ያለችው ሪሌ አልሆነች» አለ ላቡን እየጠረገ። «ለእሷ መለዋወጫም የለኝ።» የዚያን ቀን ሻዩ ስኳር የነካው አይመስልም ነበር። ስኳር ሳያልቅባቸው አይቀርም ብሎ አሰበ።

ደብተሩ ላይ ግን የጻፈው ብልሽቱን ብቻ ነው።

ዛሬ ግቢው ሲደርስ ሆዶ በረንዳው ላይ ቆማ ትጮኻለች። ልጇ መውሊድ አጥሩን ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። ሁሉም «አዬዮ» የሚሏቸው የባሏ እናት፣ አዬዮ ዴቆ፣ የመኪናዋ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ተስቢሃቸውን ይቆጥራሉ። ጉልበታቸው ላይ መርፌና ክር የሚያኖሩባት የብስኩት ቆርቆሮ አለች። መኪናው ውስጥ ከቤቱ የተሻለ ነፋስ አለ ባይ ናቸው። እንየውን ሲያዩ ቀስ ብለው ወረዱና በርጩማቸውን ወደ ኮፈኑ አስጠጉ።

«ወላሂ እሱ ነው!» አለች ሆዶ፣ በጣቷ ልጇን እያሳየች። «ሐሙስ ሐሙስ ሼክ ኑር ሰፈር ላለው የአክስትህ ሱቅ ዱቄት አድርስ ስለው፣ መኪናው ሐሙስ ሐሙስ ይታመማል። ጁምዓ ጤነኛ! ቅዳሜ ጤነኛ!»

«እኔ ኮፈኑን መክፈትም አላውቅ» አለ መውሊድ፣ ቀና ሳይል።

«አንተ የማታውቀው ዱቄት መሸከም ነው!»

እንየው በሰባራ ሶማሊኛው «እናያለን» አለ። መውሊድን አየት አደረገው። መውሊድ ፈገግ አለ። ፈገግታው እንየውን ደስ አላሰኘውም።

አዬዮ ዴቆ ተስቢሃቸውን መቁጠር ቀጠሉ። ባለፉት ሁለት ሐሙሶች ድምፃቸውን የሰማው ሲስሉ ብቻ ነው።

ቴስተሩን አወጣ። «አንድ፤ ባትሪ። አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት። ደህና። ሁለት፤ ጫፎቹ። ንጹሕ ናቸው፣ ጠብቀዋል። ጠብቀዋል?» መልሶ ነካቸው። «ጠብቀዋል። ሦስት፤ ፊውዝ። አለች።»

ቁልፉን አዞረ። የክሩስኮቱ መብራት በራ። ሞተሪኖው ጭጭ።

«እሜቴ፣ ባልሽ እንኳ ቢሆን እንዲህ አይኮረፍም» አላት መኪናዋን።

አዬዮ ዴቆ አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ረዘም ያለ ሳል ሳሉ። የዛሬው አቧራ ለአሮጊት አይሆንም።

«አራት» አለ እንየው። ክሩስኮቱ ሥር ተንጋሎ የእጅ ባትሪውን አበራ። ከክብሪት ቀፎ የምታንሰው ጥቁር ሪሌ መኖር የነበረባት ቦታ ላይ አራት ቀዳዳዎች ብቻ ያዩታል።

«አፌ ነው!» አለ። «የጠራሁት ሁሉ ይደርሳል!»

ብድግ ብሎ ቀዳዳዎቹን ለሆዶ አሳያት። ሆዶ ልጇ ላይ ደረሰችና ኪሶቹን ገለበጠቻቸው። ማስቲካ፣ የቤት ቁልፍ፣ የተሰበረ የጆሮ ማዳመጫ።

«ወላሂ አልነካሁም! ሪሌ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም!»

«በላ፣ ማን ወሰዳት? ጂኒ?»

«እሱን ጠይቂው! ቀኑን ሙሉ ከመኪናው ጋር የሚያወራው እሱ ነው!»

እናትና ልጅ እየተጨቃጨቁ ወደ ውስጥ ገቡ። የመውሊድ አልጋ ሊፈተሽ ነው።

እንየው ጎማው ሥር ቁጭ አለ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ የመለዋወጫ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ዓብዲሰላም ደግሞ የተናገረውን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ደብተሩን ከደነ።

«ተሸነፍኩ እሜቴ» አላት መኪናዋን ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዛሬ ከሥራ መባረሬ ነው። አንቺስ እዚሁ ጥላ ሥር ትቆሚያለሽ። ማታ እናቴ ስትደውል እኔ ምን ልበላት?»

የተስቢሃው ኳኳታ ቆመ። የብስኩት ቆርቆሮዋ ክዳን ተከፈተ።

«አቦ ተነሥ፣ እንካት ልጄ» አሉት አዬዮ ዴቆ፣ በጠራ የድሬዳዋ አማርኛ፣ ሪሌዋን ከክሩ መሐል መዘው እያቀበሉት፤ «ሐሙስ ግን መኪናዋ ባትበላሽም ና።»