የመናፈሻው እንግዳ

ወይዘሮ የሺወርቅ እሑድ እሑድ ከልጃቸው ከጁሊያ ጋር በሮም ዳርቻ ወዳለው የአኩዌዶቲ መናፈሻ እየሄዱ፣ በጥንቱ የውሃ መስመር ቅስቶች ላይ የሚንጫጩትን አረንጓዴ በቀቀኖች ማየት ይወዳሉ። ዛሬም ሣሩ ላይ ጨርቃቸውን ዘርግተው ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

በቀቀኖቹ በአንድ ጊዜ ብር ብለው ተነሡ። ሱፍ የለበሰ ሰው ከረጅሙ ሣር መሐል ወጥቶ እያነከሰ መጣና ጥርት ባለ አማርኛ፣ «እንደምን ዋላችሁ? ለእኔም ቁርበት አንጥፉልኝ» አላቸው።

ሮም ተወልዳ ያደገችው ጁሊያ ሳቀች። «ቁርበት እንኳ የለንም፤ ጃኬቴ ላይ ይቀመጡ» ብላ ልታነጥፍለት ስትል እናቷ እጇን ለቀም አደረጉ።

«ልጄ አታውቅህም» አሉት ዓይን ዓይኑን እያዩ። «እኔ ግን የሐረር ልጅ ነኝ። ሂድ!»

ሰውየው ጥርሱን ገለጥ አድርጎ ወደ ቅስቶቹ ተመለሰ።

«ማማ፣ ያሳፍራል! በቃ እንሂድ» አለች ጁሊያ።

«የትም አልሄድም! እሑዴን ለእሱ አልለቅም» ብለው ወይዘሮ የሺወርቅ ጨርቁ መሐል ተደላድለው ተቀመጡ።

ከቅስቶቹ ሥር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጅብ ጮኸ። ከመኖሪያ ቤቶቹ በኩል ሌላ መለሰለት።