ከፎቶው በላይ የነበረው

ዘይኑልአቢዲን ከመኪናው ሲወርድ ወደ እኔ አልዞረም። ቁልፉን ለእህቱ ሰጥቶ አስፋልቱን ተሻገረና ከማዶ ከተዘጋው ሱቅ ደፍ ላይ ጀርባውን አዙሮልኝ ተቀመጠ።

"ዳገቱ ላይ ያለው ጎሚስታ ዘግቶ ነው" አለች ቢልቂስ።

"አውቃለሁ። ባይዘጋ መች እዚህ ትመጡ ነበር?"

ሦስት ዓመት ሙሉ ይሄ መኪና ጎማው ተንፍሶ እየተንፏቀቀ በደጄ አልፎ ሌላ ጋ ሲሄድ አይቻለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ጎማ ጠጋኝ እኔ ብቻ አይደለሁም። ግን ይህን ሙያ ያስያዙኝ የእነሱው አባት ናቸው። ስድስተኛ ክፍልን አቋርጬ ከደሴ ዙሪያ በእግሬ ስመጣ፣ ቧንቧ ውሃ ካለው ቤታቸው አስገብተው ከልጆቻቸው እኩል ያበሉኝ አባባ እንድሪስ ናቸው። የመጀመሪያዋን ክሪክም የገዙልኝ እሳቸው።

መኪናውን በክሪክ አነሳሁት። ብሎኖቹን እየፈታሁ ዝም ብል ይሻል ነበር፤ አላስቻለኝም።

"ቢልቂስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባባ ሲሞቱ አፋር፣ ሎጊያ ነበርኩ። ከአራት ወር በኋላ ስመለስ መሞታቸውን የነገረኝ ማን መሰለሽ? የሻይ ቤት አስተናጋጅ! ሻይ እየቀዳ! ከእናንተ ውስጥ አንድ ሰው ጠፋ?"

"ነግረንሃል።"

"ማን? መቼ?"

"ወላሂ ነግረንሃል። ስልክህ አልሠራ ሲለን ዘይኑ በፌስቡክ ጻፈልህ። አንተም መልሰሃል።"

"እኔ? ምን ብዬ?"

"እኔ በአፌ አልደግመውም።"

ይሄ ደግሞ አዲስ ነው። አለመንገራቸው ሳያንስ መልሰሃል ይሉኝ ጀመር። እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ስልኬን አወጣሁ። "ነይ እዪ! ፌስቡክ ላይ የተጻፈ እንዳለ ነው የሚቀመጠው። አሁን አብረን እናያለን" አልኳት። አልመጣችም፤ ከመኪናው ኮፈን ተደግፋ ቀረች።

የዘይኑን ፕሮፋይል ከፍቼ ወደ ታች መግፋት ጀመርኩ። ዳታው ይጎተታል። ያልተጠራሁበት የታናሽ ወንድማቸው ሰርግ አለፈ። የመኪናው ፎቶ አለፈ። ዓመቱ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ።

ከዚያ አባባ እንድሪስ መጡ። ነጭ ኮፍያ አድርገው በራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሊስቁ ሲሉ የተነሱት ነው።

ፎቶውን አስታወስኩት። ሎጊያ ከአንድ ኮንቴይነር ጥላ ሥር ሆኜ አይቼዋለሁ። ያን ጊዜ የያዝኩት ባለቁልፍ ስልክ አማርኛ አያነብም ነበር፤ ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚመጣው። ከፎቶው በላይ ጥቂት መስመር ሳጥን ተደርድሮ ነበር። ሰው ፎቶ ሲለጥፍ የሚጽፈው ምን እንደሆነ መቼም ይታወቃል ብዬ አልፌዋለሁ።

አዲሱ ስልክ ያነባል።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አባታችን ዛሬ ሱብሂ ላይ ወደ አኼራ ሄደዋል። ቀብሩ ከዙሁር በኋላ ነው። ወንድማችን እንየው፣ ስልክህ እምቢ አለን። ሌሊቱን አንተንም ሲጠሩ ነው ያደሩት። ይህን ካየህ ድረስ።"

ከሥሩ የእኔ ስም አለ። በእንግሊዝ ፊደል የጻፍኩት ኮሜንት፦ "ማሻአላህ! አባባ እኮ ልጅ ሆኑ! ሁለተኛ ሚስት እንፈልግላቸው እንዴ? ሃሃሃሃ።"

ከእኔ ሥር ሀፊዝ የሚባለው የአጎታቸው ልጅ፦ "ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው?"

ከእሱ ሥር ዘይኑ፦ "ተዉት። ይመጣል።"

ከዚያ በኋላ የጻፈ የለም።

ሎጊያ እንደገባሁ ሲም ቀይሬ ቁጥሬን ለማንም አልሰጠሁም ነበር። ስመለስም ላልነገረኝ ሰው ምን አባቴ ቆርጦኝ ብዬ ለቅሶ አልደረስኩም። በራቸው ላይ አንድም ቀን አልቆምኩም።

"ይሄን ነገር ለምን አላጠፋችሁትም?" አልኳት። ድምፄ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነው፤ ሌላ ድምፅ አልመጣልኝም።

"እናታችን አጥፋው ብላ ለምናው ነበር። እምቢ አለ። መጥቶ ራሱ ያጥፋው አለ።"

አንድ ከባድ መኪና ወደ ደሴ ሽቅብ እያጓራ አለፈ። ሌላም ተከተለው። እነሱ እስኪያልፉ እጄን በጋዝ ታጠብኩ። መታጠቡ ጊዜ ይወስዳል፤ ከሚወስደው በላይ አስረዘምኩት። ዘይኑም ቢሆን ከሎጊያ ስመለስ ሱቄ ድረስ መጥቶ ሊሰድበኝ ይችል ነበር። ይህን አሁንም እላለሁ።

ተሻገርኩ።

አጠገቡ ስደርስ ጋዙ ሸተተው መሰለኝ አንገቱን ቀና አደረገ። አልዞረም።

"አላህ ይዘንላቸው" አልኩት። እነሱ ቤት የተማርኩትን ነው ያልኩት።

ከጆሮው በላይ ፀጉሩ ሸብቷል፤ መቼ እንደሸበተ አላውቅም።

"አሁን ነው ያነበብከው?" አለኝ።

"አሁን።"

"እስካሁን?"

"ስልኩ አማርኛ አያነብም ነበር።"

አየኝ። የሚስቅም የሚማታም መሰለኝ፤ ሁለቱንም አላደረገም። ከማዶ ቢልቂስ "ጎማውስ?" ብላ ተጣራች።

ዘይኑ በመዳፉ መሬቱን ተመርኩዞ ከደፉ ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለ። የለቀቀው ቦታ ለአንድ ሰው አይበቃም። ተቀመጥኩበት።