የፊውዳሉ ርዝራዥ

አሊዩ አምባ ገበያ ዳር ያሉትን የድንጋይ ጨው መጋዘኖች ያስገነቡት የሐጂ አብዱልሀሚድ አያት ናቸው። በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ግን ጓድ ኃይለ ገብርኤል የሚባል ካድሬ ከደብረ ብርሃን ወርዶ «ከዛሬ ጀምሮ ሙዚየም ናቸው» አለ። ሐጂንም በገዛ ቤታቸው ዘበኛ አደረጋቸው፤ ደመወዙ ንቃት ነው።

አሮጌዎቹ መጋዘኖች ውስጥ የጭቆና ዘመን ዕቃ ተደረደረ፤ የግመል ኮርቻ፣ ጠፍር፣ ሚዛን። ባለቤቶቹ ገበያ በዋለ ቁጥር እየመጡ ይዋሱታል። አጠገባቸው ደግሞ የአብዮቱ ፍሬ የሚታይበት ዘመናዊ አዳራሽ በብሎኬት ተጀመረ። ፍሬው ገና ስላልደረሰ ለጊዜው ባዶ ይቆያል ተባለ።

አሸዋ ሲጠፋ ካድሬው ከመጋዘኑ ግቢ አስቆፈረ።

«ልጄ፣ ይሄ መሬት ስንት ዘመን ጨው የተራገፈበት ነው። ሲሚንቶ አይይዝልህም» አሉት ሐጂ።

«ጓድ ሐጂ፣ አብዮት በአሉባልታ አይገታም!»

ሐጂን ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነው፤ አንድ የበላይ ጓድ መጥተው ከጎበኙ በኋላ አሮጌዎቹ ይቆዩ ወይስ ይፍረሱ የሚለውን ይወስናሉ ተብሏል።

«ወላሂ፣ ያያቴ ግንብ ሲፈርስ ከማይ ዓይኔ ይፍሰስ!» አሏት ሚስታቸውን ኩብራን።

«ለኔ ምን ይነግሩኛል፣ ለአላህ ይንገሩ» አለቻቸው።

ክረምቱ አለፈ፣ አዳራሹም አለቀና ጓዱ መጡ። ለክብራቸው ግቢው በሙሉ ኖራ ተቀብቶ ነበር፤ የአዳራሹ ግን በማግሥቱ ረግፏል። ጓዱ ከመኪና ወርደው ዞር ዞር አሉ፣ ግድግዳውን መታ መታ አደረጉ፣ ማንንም አልጠየቁም። የበላይ አካል አይጠይቅማ! ሲናገርም አይታረምም፤ ባለፈው ዓመት ያረመ አንድ መምህር የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«ጓዶች! ይህ የፊውዳል ርዝራዥ በሰፊው ሕዝብ ላይ ሊናድ ነው የቆመው! በሳምንት ውስጥ ይፍረስ!» አሉ ጣታቸውን ቀስረው።

ጭብጨባው ቀለጠ። ካድሬውም ፊቱ አመድ መስሎ አጨበጨበ። ሐጂ ቀና ብለው ለማየት እንኳ አቅም አጡ፤ የመጋዘኑ ደፍ ላይ ዘጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

መኪናው ሲሄድ ካድሬው መጥቶ አጠገባቸው ቁጭ አለ። እሱም እንባ እንባ ብሎታል። ወይ ጉድ፣ ለካ አንጀት አለው አሉ ሐጂ በልባቸው።

«አይዞህ ልጄ፣ የታዘዝከውን ነው። መቼ ነው የምታፈርሰው?»

«እርስዎን ደግሞ ምን አስለቀሰዎት፣ ጓድ ሐጂ? ጣታቸውን የቀሰሩት እኮ ወደ አዲሱ ነው!»