ጥቁር በርኖስ የለበሰው ሰውዬ

አባይነህ ልብስ ሰፊው መነጽሩን ካወለቀ ሚስቱን ከበሬ አይለይም ይላሉ የሞላሌ ሰዎች። ማጋነን ይወዳሉ እንጂ፣ ከአንድ ክንድ ርቀት በታች ላለው ነገር የእሱን ዓይን የሚያህል የለም። ክር በመርፌ ቀዳዳ የሚያስገባው መነጽሩን አውልቆ፣ መርፌውን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ነው፤ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ችግሩ ከክንድ በላይ ያለው ዓለም ነው። መነጽር ሲያደርግም የሚያምነው በመስታወቱ መሐል የሚያየውን ብቻ ነው፤ ከጠርዙ ውጭ ያለው ሁሉ ለእሱ ጭጋግ ነው።

ደግሞ ቀናተኛ ነው። ቀናተኛ ስላችሁ፣ ሚስቱ ፀደንያ መስቀል ስትሳለም እንኳ ቄሱ ፊት ቆየች ብሎ የሚኮሳተር።

ደብረ ብርሃን ያለው የዓይን ሐኪም ያንን ወፍራም መነጽር ሲያዝለት፣ «ልብስ ሰፊ ስለሆንክ ይገባሃል» ብሎት ነበር። «ዓይንህ ከልኩ በላይ ረዝሟል። ሲረዝም ደግሞ ከውስጥ ያለው ገበሩ ይሳሳል፤ የሳሳ ገበር ይቀደዳል። ምንም ባያምህም በየዓመቱ እየመጣህ መታየት አለብህ።» ሌላም ብዙ ነገር መከረው። አባይነህ ግን ልቡ ሞላሌ ቀርቶ ነበር፤ ፀደንያ ብቻዋን ናት። ከዚያ ወዲህ አምናም አልሄደ፣ ዘንድሮም አልሄደ። ደብረ ብርሃን ከሄዱ ማደር አለ፤ ሚስቱን ትቶ ማደር ለእሱ ሞት ነው።

ፀደንያ ከሱቁ ፊት ለፊት ገብስና ባቄላ ትሸጣለች። ከደንበኞቿ አንዱ ዓምደሚካኤል የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ። ትከሻው ላይ ሹል ያለበትን ጥቁር በርኖሱን የሰፋለት ራሱ አባይነህ ነው። አንድ ቅዳሜ ሰውዬው ምን እንዳላት እንጃ፣ ፀደንያ በሳቅ ፍርስ አለች። ያ ሳቅ ከአባይነህ ጆሮ አልጠፋም።

በሳምንቱ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ ሚስቱን ሲያይ፣ ከእሷ በስተግራ ጥቁር በርኖስ የለበሰ ሰው ቆሟል። ዓይኑን ወደ ሰውዬው ሲያዞር እልም አለበት።

ሲመሻሽ ደግሞ በአጥሩ በኩል ብልጭ አለ። ትንሽ ቆየና እንደገና ብልጭ። በባትሪ መጠቃቀስ ተጀመረ ማለት ነው። ውሻው እንኳ አልጮኸም፤ የለመደው ሰው ቢሆን ነው አለ አባይነህ በሆዱ። 

«ማነው ዛሬ ከጎንሽ ቆሞ የዋለው?» አላት ራት ላይ።

«የቱ?»

«በርኖስ የለበሰው።»

«ከእትዬ ሸዋአለም በቀር ማንም አጠገቤ አልነበረም።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አለ አባይነህ በልቡ።

ጠዋት ጭራሽ ብሶባት መጣች። «የሐኪም ቀጠሮህ አለፈ እኮ። ሄደህ ታይና አድረህ ና፤ ሱቁን እኔ አያለሁ» አለችው። አድረህ ና! ይህቺ ቃል ነች የጨረሰችው።

እትዬ ሸዋአለም ከፀደንያ ጎን ሽንኩርት የሚሸጡ፣ ለማንም የማያዳሉ አሮጊት ናቸው። ጠየቃቸው። «አንተ ልጅ፣ እኔ ያየሁት ሰው የለም» አሉት። «ዓምደሚካኤልን እንደሆነ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ተዛውሯል። ቅናት አሳብዶ ሳይጥልህ ተው።» እሳቸውም ገብተውበታል ማለት ነው። መሐል ሜዳ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ መኪና አለ።

ሰውዬው ከቀን ወደ ቀን ዓይን አውጣ ሆነ። ድሮ ራቅ ብሎ ይቆም የነበረው አሁን ትከሻዋን ሊነካ ደረሰ፤ የበርኖሱ ጫፍ ግማሽ ፊቷን ይጋርዳል። በኅዳር ሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከጎኗ ቆሞ ታየው። ወንድ፣ በሴቶች መቆሚያ። ዲያቆናቱ ዝም፣ ሽማግሌዎቹም ዝም፤ ነውር ነው የሚል አንድ ሰው ጠፋ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገር ሁሉ አውቆ እኔን ብቻ ደብቆኛል አለ አባይነህ።

ከቅዳሴ መልስ፣ «ልብስሽን ሰብስቢ። ወደ አባትሽ ቤት፣ ወደ ቀየት ትሄጃለሽ» አላት።

ፀደንያ አለቀሰች፤ ግን አልለመነችውም። «እሄዳለሁ። ሐኪሙ በየዓመቱ ታይ እንዳለህ ግን አንተው ነህ የነገርከኝ፤ እኔ ከሄድኩ የሚያስታውስህ የለም። ዓይንህን ለሐኪም አሳይቼ ልሂድ። አብሬህ ነው የምመጣው፤ ከጎንህ አልለይም።»

ከጎኑ ካልተለየች ማን ያገኛታል? ተስማማ። ለማንኛውም ብሎ ግን ትልቁን መቀስ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

ሰውዬው አውቶቡሱ ውስጥም ነበር። ረዳቱ ከሁሉም ሒሳብ ሲቀበል እሱን ዝም ብሎ አለፈው። ረዳቱም ዘመዱ ሳይሆን አይቀርም። 

ሐኪሙ ክፍል ሲገቡ ፀደንያ በሩ አጠገብ ቆመች። ሰውዬውም ተከትሏት ገባና ከጎኗ ቆመ።  በሩ አንድ ነው፤ ዛሬ የትም አያመልጥም። አባይነህ እጁን ኪሱ ሰዶ መቀሱን ጨበጠ።

«መነጽርህን እንዳደረግክ ወደ ባለቤትህ እይ» አለው ሐኪሙ። «ዓይንህን ከእሷ ላይ እንዳታነሳ።»

ይህንንማ ሳይነገረውም ሲያደርገው ነው የኖረው።

ሐኪሙ የአባይነህን ቀኝ ዓይን በመዳፉ ሸፈነው። ሰውዬው ከወትሮው ይልቅ ጠቁሮ፣ ፀደንያን ከነነጠላዋ ሊውጣት ደረሰ። መቀሱ ከኪስ ብቅ አለ።

ሐኪሙ መዳፉን ወደ ግራ ዓይኑ አዞረ፤ ሰውዬው የለም፤ ፀደንያ በሩ አጠገብ ብቻዋን ቆማለች።