ወንድም የሌለው ሰው

ሙሉነህ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ሰፈር፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ከልጁ ከሩቲ ጋር ይኖራል።

ስለ ታናሽ ወንድሙ ስለ ስምዖን የነገራት ባለፈው ወር ነው። አሳጥሮ ነገራት። አባታቸው የሞተው ስምዖን ሳይወለድ፣ እናታቸው የሞተችው በስደት መንገድ ላይ ነው። ሱዳን መጠለያ ሲደርሱ እሱ አሥራ ዘጠኝ፣ ስምዖን ሰባት ዓመቱ ነበር። ከእንግሊዝ ገጠር፣ ከአንዲት ትንሽ መንደር ደብር የመጡ ሰዎች ዘመድ የሌለው ልጅ ወስደው ሊያሳድጉ ፈለጉ።

«ወንድም አለኝ እንዳትል፤ አይወስዱህም» አለው ሙሉነህ። ልጁ እጅጌውን ይዞ አልለቅም ሲል በጥፊ መታው። ስሙን ሲመዘግቡት ሙሉነህ ዞር ብሎ ሄዶ ነበር።

የመንደሯን ስም አርባ ዓመት አልረሳውም። ደውሎ ግን አያውቅም።

ሩቲ ስልኳ ላይ ፈልጋ አገኘቻት። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አሥራ አራት ቤት።

«አባዬ፣ መንደሩ በሙሉ እኮ ከእኛ ፎቅ ያንሳል!»

«ታዲያ ሰው አይጠፋበትማ።»

«እንግዲያው ኮል አድርግላቸዋ!»

ደወለ። ሥራ ቦታ ሁሉም በአባቱ ስም ስለሚጠሩት፣ ለምዶበት «በየነ እባላለሁ፣ ከቶሮንቶ» አለ። ስልኩን ያነሱት የደብሩ ቄስ ሴት ነበሩ።

«ስምዖን? ደወላችንን የሚደውለው እሱ ነበር። ባለፈው ኅዳር ዐረፈ። አዝናለሁ ሚስተር በየነ። እርስዎ ምኑ ነዎት?»

«ወንድሙ ነኝ።»



«ሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም የሚፈልጉት። የእኛ ስምዖን ወንድም አልነበረውም። የሚያወራው ስለ አባቱ ብቻ ነበር።»

ሙሉነህ አመስግኖ ዘጋ።

«አይቶት ስለማያውቀው አባት ሲያወራ ኖረ» አለ። «እኔን አንድ ቀን አላነሳኝም።»

«አባዬ፣ አንተም እኮ ልጅ ነበርክ።»

«በጥፊ ነው የሸኘሁት ሩቲ። ይቅር ሳይለኝ ሞተ።»

ሁለት ቀን ሥራ አልገባም። እህልም አልቀመሰም። ሩቲ ሳትነግረው ለቄሷ ጻፈች፤ የመቃብሩን ፎቶ እንዲልኩላት ለመነች።

ፎቶው ሐሙስ ደረሰ። ሙሉነህ አላይም ብሎ ፊቱን አዞረ። ሩቲ እያለቀሰች ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ድንጋዩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ስምዖን ሙሉነህ» ይላል።